የኢ1 መስመር አላርም ሲበራ፦ የሲግናልና የክሎክ ብልሽትን ደረጃ በደረጃ የመፈለጊያ መመሪያ

ፒቢኤክስ (የድርጅት የውስጥ ስልክ ማዞሪያ) ወይም ጌትዌይ ከስልክ ኩባንያው ጋር በሚገናኝበት የኢ1 (30 ጥሪዎችን የሚሸከም ዲጂታል የስልክ መስመር) ፖርት ላይ ቀይ መብራት ሲበራ፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደረገው መሣሪያውን አጥፍቶ ማብራት ነው። ይህ አንዳንዴ ይሠራል። ሠራም አልሠራም ግን መሣሪያው ስለ ብልሽቱ መዝግቦት የነበረው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል፤ ብልሽቱ በማግስቱ ሲመለስም ምርመራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው በድርጅቶች የስልክ ክፍል፣ በጥሪ ማዕከላትና በሬዲዮ ጣቢያዎች ለሚሠሩ ቴክኒሻኖች ነው። ኢትዮጵያ እንደ አውሮፓ አገሮች የምትጠቀመው ኢ1ን ስለሆነ ቁጥሮቹ የኢ1 ናቸው። በሰሜን አሜሪካ ቲ1 ላይ ለሚሠሩ አንባቢዎች የአሠራሩ ሐሳብ አንድ ነው፤ ፍጥነቱ 1.544 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ታይም ስሎቶቹ (ለየጥሪው የተመደቡት የጊዜ ክፍሎች) 24፣ የገመዱ ኢምፔዳንስ (ለሲግናሉ የሚያሳየው ተቃውሞ) ደግሞ 100 ኦም መሆኑን ብቻ ልብ ይበሉ።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚቆመው በአንድ መሠረት ላይ ነው። አላርም የሚናገረው መሣሪያው ምን እንዳልሰማ ነው፤ ጥፋቱ የት እንዳለ አይናገርም። አላርሙ የበራበት ክፍልና ብልሽቱ ያለበት ክፍል ብዙ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ፣ ሥራው ከመብራቱ ተነሥቶ ሲግናሉ ወደመጣበት አቅጣጫ ወደኋላ መሄድ ነው።

በመስመሩ ውስጥ የሚሄደው ምንድን ነው?

የኢ1 መስመር በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት ይሸከማል። ቁጥሩ የሚገኘው 32 ታይም ስሎቶች እያንዳንዳቸው 8 ቢት ይዘው በሰከንድ 8,000 ጊዜ ስለሚላኩ ነው። ስለዚህ አንድ ፍሬም፣ ማለትም የ32ቱ ታይም ስሎቶች አንድ ዙር፣ 256 ቢት አለው፤ የሚፈጀውም 125 ማይክሮሰከንድ ነው። ይህን 125 የሚለውን ቁጥር ይያዙት፤ ስለ ክሎክ (የቢቶቹን ፍጥነት ስለሚወስነው የጊዜ ምት) ስንደርስ ዋና መለኪያችን እርሱ ይሆናል። ታይም ስሎት 0 ድምፅ አይሸከምም። በአንዱ ፍሬም 0011011 የሚል ቋሚ ምልክት፣ በቀጣዩ ፍሬም ደግሞ የአላርም ቢትና ሌሎች የቁጥጥር ቢቶች ይሄዱበታል። ተቀባዩ ፍሬሙ ከየት እንደሚጀምር የሚያውቀው ይህን ምልክት በየሁለት ፍሬሙ በቦታው ሲያገኘው ነው፤ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ተበላሽቶ ካገኘው ፍሬሙን እንዳጣ ቆጥሮ ፍለጋ ይጀምራል። ታይም ስሎት 16 አብዛኛውን ጊዜ ለሲግናሊንግ (ጥሪ ለሚከፍቱና ለሚዘጉ መልእክቶች) ይውላል፤ የቀሩት 30ዎቹ የጥሪ ናቸው።

በገመዱ ላይ 1 ማለት የቮልቴጅ ምት፣ 0 ማለት ዝምታ ነው፤ ምቶቹም አንዱ ፖዘቲቭ ቀጣዩ ኔጋቲቭ እየሆኑ ይፈራረቃሉ። ዜሮ ሲበዛ ተቀባዩ ክሎኩን የሚያወጣበት ምት ያጣል። ስለዚህ ኤችዲቢ3 የተባለው ኮድ አራት ተከታታይ ዜሮዎችን ባገኘ ቁጥር፣ የመፈራረቅን ሕግ ሆን ብሎ በሚጥስ ቅርጽ ይተካቸዋል። በ75 ኦም ኮአክሲያል ላይ የምቱ ከፍታ 2.37 ቮልት፣ በ120 ኦም ጥንድ ሽቦ ላይ 3 ቮልት ሲሆን፣ ስፋቱ በሁለቱም 244 ናኖሰከንድ ነው።

ምንም ሳይነኩ መመዝገብ

መሣሪያውን ሳያጠፉና ገመዱን ሳይነቅሉ የሚከተሉትን በወረቀት ይጻፉ፦ የትኛው አላርም በስንት ሰዓት እንደበራ፣ አሁንም በርቶ እንደሆነ ወይስ እየበራ የሚጠፋ እንደሆነ፣ እንዲሁም የስሕተት ቆጣሪዎቹ ምን እንደሚያሳዩ። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ቆጣሪዎቻቸውን በ15 ደቂቃ ክፍልፋይ ይይዛሉ፤ 96 ክፍልፋዮች የ24 ሰዓት ታሪክ ይሆናሉ። ስሕተቱ በሁሉም ክፍልፋዮች እኩል የተበተነ ነው ወይስ በጥቂቶች ላይ የተከመረ? ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ በኋላ ብዙ ሰዓት ያድናል። እኩል የተበተነ ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከክሎክ ወይም ከቅንብር ይመጣል። በተወሰነ ሰዓት የሚከመር ግን ከውጭ የመጣ ነገር ነው፤ ጄኔሬተር ሲነሣ፣ አሳንሰር ሲንቀሳቀስ፣ ዝናብ ሲጥል ወይም ሌላ ሠራተኛ መደርደሪያው ውስጥ እጁን ሲያስገባ።

ቀጥሎ መስመሩን በሥዕል ያስቀምጡ። የእርስዎ ፖርት፣ ወደ ዲዲኤፉ (የዲጂታል መስመሮች ማከፋፈያ ሰሌዳ) የሚሄደው ገመድ፣ ሞደሙ ወይም የፋይበር መሣሪያው፣ ከዚያ ወዲያ የኩባንያው ክፍል፣ በመጨረሻም የኩባንያው ስዊች ይኑሩበት። በእነዚህ መካከል ሁለት ቀስቶች ይሳሉ፤ አንዱ ከእርስዎ የሚወጣው፣ አንዱ ወደ እርስዎ የሚመጣው። ኢ1 ሁለት እርስ በርስ ያልተሳሰሩ መንገዶች መሆኑን የሚረሳ ሰው ደኅነኛውን ገመድ ሲቀይር ይውላል።

አላርሞቹን በአቅጣጫ ማንበብ

ሎስ ማለት በመቀበያዎ ላይ ምንም ምት የለም ማለት ነው። ጥፋቱ ወደ እርስዎ በሚመጣው ቀስት ላይ፣ ከእርስዎ ፖርት ጀምሮ በስተኋላ ሲግናል እስከሚያመነጨው የመጨረሻ መሣሪያ ድረስ ባለው ክፍል ውስጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የቅርብ ነገር ነው፤ ምክንያቱም መሐል ላይ ያለ ጤነኛ መሣሪያ ከኋላው ሲግናል ቢያጣ ዝም አይልም፤ ኤአይኤስ ይልካል።

ኤአይኤስ ያለ ፍሬም የሚላክ የ1ዎች ጎርፍ ነው። ተቀባዩ የሚለየው በ512 ቢት ውስጥ ከሁለት የማይበልጥ ዜሮ ሲያገኝ ነው። ኤአይኤስ ሲያዩ በእርስዎና ኤአይኤሱን በላከው መሣሪያ መካከል ያለው ገመድ ደኅና ነው፤ የተበላሸው ከዚያ መሣሪያ ወዲያ ያለው ነው። ኤአይኤስ ፍሬም ስለሌለው አንዳንድ መሣሪያዎች አብረው ሎፍ (የፍሬም መጥፋት አላርም) ያበራሉ፤ ሁለቱ አብረው ከበሩ ሎፉን ይተዉትና ኤአይኤሱን ይከተሉ። አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄም አለ፤ ኤአይኤስ የሚላከው በላኪው መሣሪያ የራሱ ነጻ ክሎክ ሊሆን ስለሚችል፣ ኤአይኤስ ከሚመጣበት ፖርት ክሎክ መውሰድ አይገባም።

አርኤአይ ደግሞ ከሩቁ ወገን የሚመጣ ቅሬታ ነው፤ “አንተን አልሰማህም” ማለቱ ነው። የሚላከውም ቀደም ሲል በጠቀስነው የታይም ስሎት 0 የአላርም ቢት ነው። አርኤአይ ብቻውን ከበራ ወደ እርስዎ የሚመጣው መንገድ ጤነኛ ነው፤ መልእክቱ የደረሰዎት በዚያ መንገድ ነውና። የሚፈተሸው ከእርስዎ የሚወጣው ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ቢቆረጥ በአንዱ ጫፍ ሎስ፣ በሌላው ጫፍ አርኤአይ ይበራል። ስለዚህ ምርመራው ሁልጊዜ የሚጀምረው ወደ ሌላኛው ጫፍ ስልክ ደውሎ “እናንተ ዘንድ የበራው የትኛው ነው?” ብሎ በመጠየቅ ነው። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ የሚጀመር ሥራ ግምት ነው።

ሎፍ ማለት ምት አለ፣ ነገር ግን 0011011 በቦታው አልተገኘም ማለት ነው። ከእነዚህ በታች የሲአርሲ (ቢቶቹ ሳይበላሹ መድረሳቸውን የሚያጣራ ስሌት) ስሕተት፣ የኢ ቢት ቆጣሪ (ሩቁ ወገን ያገኘው የሲአርሲ ስሕተት) እና የታይም ስሎት 16 መልቲፍሬም (የ16 ፍሬሞች ስብስብ) አላርም ይመጣሉ። ትልቁ አላርም ትንሹን ይሸፍናል፤ ሎስ በርቶ ሳለ የሲአርሲ ቆጣሪን ማንበብ ትርጉም የለውም።

ሎስ ሲበራ

መጀመሪያ መላኪያና መቀበያ ተገላብጠው እንዳይሆን ይመልከቱ። አዲስ በተዘረጋ መስመር ላይ ከዚህ የሚቀድም ጥርጣሬ የለም። ስምንት እግር ባለው የኢ1 ሶኬት ላይ በተለመደው የደንበኛ አሠራር 1ኛውና 2ኛው እግር መቀበያ፣ 4ኛውና 5ኛው መላኪያ ናቸው። ተራ የኮምፒዩተር ኔትወርክ ክሮስ ገመድ የሚያጠላልፈው 1ን ከ3፣ 2ን ከ6 ጋር ስለሆነ እዚህ አያገለግልም፤ የኢ1 ክሮስ 1ን ከ4፣ 2ን ከ5 ጋር ያገናኛል። መሰኪያው አንድ ዓይነት መሆኑ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ሁለተኛው ኢምፔዳንስ ነው። አንዱ ወገን 75 ኦም ኮአክሲያል፣ ሌላው 120 ኦም ጥንድ ሽቦ ከሆነ መካከላቸው ባለን (ሁለቱን የሚያስማማ መቀየሪያ) መግባት አለበት። ያለ ባለን በቀጥታ የተገናኘ ገመድ በአጭር ርቀት ሊሠራ ይችላል፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ለወራት ሠርቶ አንድ ቀን ከጥቃቅን ስሕተት እስከ ሎስ ድረስ ይወርዳል። ፖርቱ በሶፍትዌር ወይም በትንሽ ጃምፐር የሚቀየር ዓይነት ከሆነ ቅንብሩ ከገመዱ ጋር መስማማቱን ያረጋግጡ።

ሦስተኛው ገመዱ ራሱ ነው። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅለው በአንዱ ጫፍ ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኙና በሌላው ጫፍ በመልቲሜትር ይለኩ፤ ክፍት መሆኑንና አለመሆኑን ያውቃሉ። ከዚያም ግንኙነቱን ፈትተው እንደገና ይለኩ፤ ሾርት እንዳለ ያያሉ። በሥራ ላይ ያለን ኢ1 ግን በመልቲሜትር ዲሲ ለክቶ “ቮልቴጅ የለም” ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ምቶቹ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ እየተፈራረቁ ስለሚጠፋፉ ጤነኛ መስመርም በዲሲ ዜሮ አካባቢ ያነባል። ኤሲ ላይ ማዞርም ብዙ አይረዳም፤ ተራ መልቲሜትር 1 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለን ምት በትክክል እንዲለካ ተደርጎ አልተሠራም። እዚህ የሚያስፈልገው የኢ1 ሞካሪ ወይም ኦሲሎስኮፕ ነው። መስመሩ በመዳብ ጥንድ ላይ በሞደም የሚመጣ ከሆነ ደግሞ፣ አንዳንዶቹ ለሩቁ መሣሪያ ኃይል የሚልኩት በዚያው ሽቦ ላይ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሆነ፣ ሳያረጋግጡ ባዶ ሽቦ በእጅዎ አይያዙ።

ሉፕ፦ መስመሩን እየከፈሉ መመርመር

ገመዱን በዓይን አይተው ካልጨረሱት ወደ ሉፕ ይሂዱ። ሉፕ ማለት የላኩትን መልሶ ለራስዎ ማሰማት ነው። በስምንት እግር መሰኪያ ላይ 1ን ከ4፣ 2ን ከ5 ጋር አገናኝተው የሉፕ መሰኪያ መሥራት ይችላሉ፤ ኮአክሲያል ከሆነ መላኪያውን ከመቀበያው ጋር በአጭር ገመድ ማገናኘት ይበቃል። በመጀመሪያ ሉፑን በራስዎ ፖርት ላይ ያድርጉ። አላርሙ ከጠፋ ፖርቱ ጤነኛ ነው። ከዚያ ሉፑን ወደ ዲዲኤፉ ያርቁት፣ ቀጥሎም ወደ ሞደሙ፤ አላርሙ ተመልሶ የበራበት ቦታና ከእርሱ በፊት ያለው ጤነኛ ቦታ ብልሽቱን በመካከላቸው ይይዙታል። መንገዱ ረጅም ከሆነ ከመሐል ይጀምሩ፤ በእያንዳንዱ ሙከራ ግማሹ መንገድ ከጥርጣሬ ይወጣል።

ከሉፕ በፊት የክሎክ ቅንብሩን ወደ ራስ ክሎክ ይቀይሩት። ፖርቱ ክሎኩን ከመስመር እንዲወስድ ተቀናብሮ ሳለ ሉፕ ቢደረግ ራሱን መከተል ይጀምራል፤ ቀስ በቀስም እየተንሸራተተ ሄዶ ጤነኛ መሣሪያ የተበላሸ ያስመስላል። በሉፕ ላይ የፒአርአይ (ጥሪዎችን በታይም ስሎት 16 መልእክት የሚቆጣጠር ሥርዓት) ሲግናሊንግ አለመነሣቱም ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱም ጫፍ አንድ መሣሪያ ስለሆነ የሚያነጋግረው የለም።

ፍሬሙ ደኅና መስሎ ስሕተት ካለ በሞካሪ የቢት ስሕተት ሙከራ ያድርጉ። ለ2 ሜጋቢት መስመር የተለመደው በ32,767 ቢት የሚደጋገም የዘፈቀደ ቅርጽ ነው። ሙከራው ለ15 ደቂቃ ቢቆይ ወደ 1.84 ቢሊዮን ቢት ያልፋል። ይህ ለፈጣን ውሳኔ ይበቃል፤ መስመር ለመረከብ ግን 24 ሰዓት ያስኬዱት።

ሉፕን መርሳት ራሱን የቻለ ብልሽት ነው። ወደ ኩባንያው የዞረ ሉፕ ተረስቶ ሲቀር የኩባንያው ስዊች የራሱን ሲግናል መልሶ ስለሚሰማ አላርሙ ሁሉ ይጠፋል፤ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ አንድም ጥሪ አያልፍም። ሉፕ ያደረጉበትን ቦታ ሁሉ በወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ ባነሡት ጊዜ ይሰርዙት።

ሲግናል እያለ ፍሬም ሲጠፋ

ሎስ የለም፣ ኤአይኤስ የለም፣ ሎፍ ግን አለ እንበል። እዚህ ላይ ገመድ መቀየር ትተው ቅንብር ይመልከቱ። ፖርቱ በስሕተት ቲ1 ተደርጎ እንደሆነ፣ ወይም አንዱ ወገን ያለ ፍሬም የሚሠራ እንደሆነ ያጣሩ፤ እነዚህ ሁለቱ ወዲያው ይታያሉ። ሲአርሲ4 ግን ተንኮለኛ ነው። አንዱ ወገን ሲአርሲ4 ሲጠቀም ሌላው ካልተጠቀመ፣ ሲአርሲ4 ያለው ወገን መልቲፍሬሙን ፈልጎ ስለማያገኝ አላርም ያበራል፤ የሌለው ወገን ግን 0011011ን በቦታው እያገኘ ስለሚቀጥል ምንም ስሕተት ላያይ ይችላል። አንዱ ጫፍ “ችግሩ የእናንተ ነው” ብሎ ሲከራከርና ሌላው “እኛ ዘንድ ንጹሕ ነው” ሲል ይህን ይጠርጥሩ። አንዳንድ መሣሪያዎች በራሳቸው ይለዩና ያለ ሲአርሲ4 ይሠራሉ፤ የእርስዎ እንዲህ ያደርጋል ብለው ግን አይመኑ።

የመስመር ኮድ አለመስማማት ደግሞ ከዚህም የበለጠ ይደበቃል። አንዱ ኤችዲቢ3፣ ሌላው ኤኤምአይ (ዜሮዎችን የማይተካ ተራ የመፈራረቅ ኮድ) ቢሆን ቢቶቹ የሚበላሹት አራት ተከታታይ ዜሮ በመጣ ጊዜ ብቻ ነው። በእኛ የድምፅ ኮድ ዝምታ የሚላከው 11010101 ሆኖ ስለሆነ በባዶ መስመር ላይ አራት ዜሮ እንብዛም አይገናኝም። ስለዚህ ሌሊት ንጹሕ ሆኖ የሚያድር መስመር ጠዋት ሰው መናገር ሲጀምር የኮድ ጥሰት መቁጠር ይጀምራል። ስሕተቱ ከጥሪ ብዛት ጋር ከጨመረ ኮዱን ይመልከቱ።

ክሎክ፦ መብራት የማያበራው ብልሽት

እስካሁን ያየናቸው ብልሽቶች ድምፅ አላቸው፤ ይበራሉ፣ ይጮኻሉ። የክሎክ አለመስማማት ግን ለወራት ማንም ሳያየው ይኖራል፤ ስልኩ ይሠራል፣ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ፋክስ ብቻ መሐል ላይ ይቋረጣል።

ምክንያቱን ለመረዳት በተቀባዩ ውስጥ ያለውን ማቆያ ቋት አንዱ በእንስራ የሚሞላው፣ ሌላው በጣሳ የሚቀዳለት ጋን አድርገው ያስቡት። ቢቶቹ ወደ ጋኑ የሚገቡት በላኪው ክሎክ፣ የሚወጡትም በተቀባዩ ክሎክ ነው። ሁለቱ እኩል ካልሄዱ ጋኑ ውሎ አድሮ ሞልቶ ይፈሳል ወይም ይደርቃል፤ ያን ጊዜ መሣሪያው አንድ ሙሉ ፍሬም ይጥላል ወይም አንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ ይደግማል። ይህ ስሊፕ ይባላል። በንግግር ላይ አንድ ስሊፕ ቢበዛ ጠቅ የምትል ድምፅ ናት። ፋክስ ላይ ግን መስመሮች ይበላሻሉ፣ ሞደም ይቋረጣል፣ የተመሰጠረ ግንኙነትም መናበቡን ያጣል።

የስሊፕ ቆጣሪው የክሎኩን ልዩነት ያለ ምንም ሞካሪ ይነግርዎታል። አንድ ስሊፕ የ125 ማይክሮሰከንድ ልዩነት ስለሆነ፣ በሁለት ስሊፖች መካከል ያለውን ጊዜ በሰከንድ ይለኩና 125ን ለዚያ ያካፍሉ፤ የሚገኘው ቁጥር በሁለቱ ክሎኮች መካከል ያለው ልዩነት ከሚሊዮን ስንት እጅ እንደሆነ ነው። በየ125 ሰከንዱ አንድ ስሊፕ ካለ ልዩነቱ ከሚሊዮን አንድ እጅ ነው። አንድ ኢ1 ፖርት ሊኖረው የሚፈቀደው ትልቁ ስሕተት ከሚሊዮን 50 እጅ ነው፤ ይህ በየ2.5 ሰከንዱ አንድ ስሊፕ ያመጣል። በአንጻሩ ሁለት አገራዊ ኔትወርኮች እያንዳንዳቸው በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.811 ደረጃ ልክ የሆነ ዋና ክሎክ ካላቸው፣ እጅግ ቢራራቁ እንኳ በመካከላቸው አንድ ስሊፕ የሚፈጠረው በ72 ቀን አንዴ ነው። ስለዚህ በሰዓት ብዙ ስሊፕ እያዩ “የኩባንያው ክሎክ ተበላሽቶ ይሆናል” ከማለትዎ በፊት የራስዎን ቅንብር ያንብቡ።

አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የገጠመኝ እንዲሁ ነበር። ፋክሱ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ገጽ ላይ ይቋረጣል፣ ድምፁ ግን ጥሩ ነው፤ የፋክስ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ቆጣሪውን ስንከታተል ስሊፑ በየ21 ሰከንዱ፣ ሳይዛነፍ ይመጣል። 125ን ለ21 ሲያካፍሉት ወደ 6 ይጠጋል፤ ከሚሊዮን 6 እጅ ደግሞ የተራ ክሪስታል ልዩነት እንጂ የተበላሸ ገመድ ምልክት አይደለም። ከወራት በፊት የተቀየረ ካርድ ከፋብሪካ እንደመጣ በራሱ ክሎክ ላይ ቀርቶ ነበር። አንድ መስመር ቅንብር ተቀየረ፣ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ስሊፑ እንዲህ ሳይዛነፍ ከመጣ ምክንያቱ ሁለት ነጻ ክሎኮች ናቸው። በዘፈቀደ ከመጣ ግን ሲግናሉ ለአፍታ እየጠፋ ነው ወይም መሣሪያው የሚከተለውን ክሎክ እየቀያየረ ነው፤ ወደ ሲግናል ምርመራው ይመለሱ።

ቅንብሩን ሲመለከቱ አንድ መስመር ላይ ክሎክ ሰጪ አንድ ብቻ መሆን አለበት። ከስልክ ኩባንያ ጋር የተገናኘ ፒቢኤክስ ሁልጊዜ ክሎክ ተቀባይ ነው። ከራስዎ ሌላ ፒቢኤክስ ጋር በተገናኘው ፖርት ላይ ግን የእርስዎ መሣሪያ ከኩባንያው የተቀበለውን ክሎክ ያስተላልፋል፤ ያኛው ይከተላል። በአስተሪስክና በዳህዲ (በኮምፒዩተር ላይ በሚሠራው የፒቢኤክስ ሶፍትዌርና በኢ1 ካርዱ ሾፌር) ለሚሠሩ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለ፤ በቅንብር ፋይሉ የስፓን መስመር ላይ ሁለተኛው ቁጥር 0 ሲሆን “ቀዳሚ” ማለት አይደለም፤ ከዚህ ፖርት ክሎክ አልወስድም ማለት ነው። የኩባንያው መስመር 1 መሆን አለበት። ከሁለት ኩባንያዎች፣ ለምሳሌ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያ፣ መስመር ያለው ድርጅት አንዱን አንደኛ፣ ሌላውን ሁለተኛ ምንጭ ማድረግ ይገባዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መከተል አይቻልም።

ከሁለት ክሎክ ሰጪ የባሰው ግን ክሎክ ሰጪ የሌለው መስመር ነው። ሀ ለን ይከተላል፣ ለም ሀን ይከተላል። ሁለቱም ተስማምተው ስለሚሄዱ ስሊፕ አይቆጠርም፤ ይሁንና አብረው ቀስ ብለው ይንሳፈፋሉ፤ ከሚፈቀደው ወሰን ሲወጡም በድንገት ይበጠሳሉ፣ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይንሳፈፋሉ። የዚህ ምልክቱ ረጅም ሰላምና አጭር ብጥብጥ ነው። መሣሪያዎቹ የክሎክ ጥራት መልእክት የሚያነቡ ከሆነ በታይም ስሎት 0 ትርፍ ቢቶች ላይ 0010 ማለት ከዋና ክሎክ የመጣ፣ 1111 ማለት ደግሞ “ይህን አትከተል” ማለት ነው። 1111 እያየ ያንኑ ፖርት የሚከተል መሣሪያ ካለ ቅንብሩ ተሳስቷል።

ኢ1ው በአይፒ ኔትወርክ ውስጥ በፓኬት ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ይከብዳል። መጨረሻ ላይ ያለው ሣጥን ክሎኩን ከፓኬቶቹ አመጣጥ ለመገመት ይገደድ ይሆናል፤ ኔትወርኩ በተጨናነቀ ቁጥር ግምቱ ይወዛወዛል፣ ፓኬት ሲጠፋም ሣጥኑ ክፍተቱን በኤአይኤስ ሊሞላው ይችላል። አጭር፣ ተደጋጋሚና ከሥራ ሰዓት ጋር የሚጨምር ኤአይኤስ ካዩ መስመሩ በምን ላይ ተጭኖ እንደሚመጣ ኩባንያውን ይጠይቁ። ለዚህ መፍትሔው ያለው በእርስዎ ክፍል ውስጥ አይደለም።

የሚመላለሱ የሲአርሲ ስሕተቶች

ሲአርሲ4 በሰከንድ 1,000 ጊዜ ይመረመራል፤ ከዚህ ውስጥ 915 ወይም ከዚያ በላይ ከተበላሸ መሣሪያው የያዘው ፍሬም ሐሰተኛ ነው ብሎ አዲስ ፍለጋ ይጀምራል። በሰከንድ ጥቂት ስሕተት ግን ከገመድ፣ ከላላ ኮኔክተር ወይም ከግራውንዲንግ ይመጣል። የእርስዎ የሲአርሲ ቆጣሪ የሚመጣውን መንገድ ይመዝናል፤ የኢ ቢት ቆጣሪ ደግሞ ሩቁ ወገን ከእርስዎ በሚደርሰው ላይ ያገኘውን ስሕተት ያሳያል። በኮአክሲያል መስመር ላይ ሁለት የተለያየ መሬት ያላቸው ሕንጻዎች በገመዱ መጋረጃ ከተገናኙ በመጋረጃው ላይ ጅረት ይፈስሳል፤ ጄኔሬተር ሲነሣ የሚጨምር ስሕተት ብዙ ጊዜ መነሻው ይህ ነው። መስመሩ በማይክሮዌቭ የሚመጣ ከሆነ የክረምቱን ዝናብ ሰዓት ከስሕተቱ ሰዓት ጋር ያነጻጽሩ። በተለይ ከ10 ጊጋኸርትዝ በላይ በሆኑ ድግግሞሾች ላይ ከባድ ዝናብ ሲግናሉን ያደክመዋል።

ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ጥሪ ሳያልፍ

ፍሬም አለ፣ ስሕተት የለም፣ ጥሪ ግን የለም ከሆነ ችግሩ ከታይም ስሎት 16 በላይ ነው። በፒአርአይ ላይ አንዱ ወገን ኔትወርክ፣ ሌላው ተጠቃሚ መሆን አለበት፤ ሁለቱም ተጠቃሚ ከሆኑ ዲ ቻነሉ (የሲግናሊንግ መንገዱ) አይነሣም። በአር2 (ሌላ የሲግናሊንግ ሥርዓት) ላይ ደግሞ የታይም ስሎት 16 መልቲፍሬም አላርምን ይመልከቱ፤ አንዱ ወገን ፒአርአይ፣ ሌላው አር2 ሆኖ ሲቀናበር የሚበራው ይህ ነው። የተረሳ ሉፕ እንዳይኖር ደግሞ እንደገና ይፈትሹ።

ለኩባንያው ሲደውሉ

“መስመራችን ተበላሽቷል” ማለት ረጅም ወረፋ ውስጥ ያስገባል። ይልቁንም የመስመሩን መለያ ቁጥር፣ አላርሙ የበራበትን ትክክለኛ ሰዓት፣ የትኛው አቅጣጫ እንደተበላሸና ሉፕ እስከ የት ድረስ ንጹሕ እንደነበረ ይናገሩ፦ “ከሞደሙ ደንበኛ ወገን እስከ እኛ ያለው በሉፕ ለ15 ደቂቃ ያለ ስሕተት ሠርቷል፤ ከእናንተ በኩል ኤአይኤስ ይመጣል” የሚል ሪፖርት ያቀረበ ሰው ገመዱን እንዲፈትሽ አይጠየቅም። ከዚያም የእነርሱ ቴክኒሻን ከስዊቹ በኩል ወደ እርስዎ ሉፕ እንዲያደርግ ይጠይቁ፤ እርስዎ ደግሞ ሞካሪዎን በዲዲኤፉ ላይ አድርገው ይጠብቁት።

መስመሩ ሲመለስ ሉፖቹ መነሣታቸውን በወረቀቱ ያረጋግጡ፣ የክሎክ ቅንብሩን ከራስ ክሎክ ወደ መስመር ይመልሱ፣ ቆጣሪዎቹን ወደ ዜሮ ይመልሱ። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሱና 96ቱን ክፍልፋዮች ያንብቡ። በአንዱም ውስጥ ስሊፕ ከሌለና የሲአርሲው ቆጣሪ ዜሮ ከሆነ ወረቀቱን ከመደርደሪያው በር ጀርባ ላይ ይለጥፉት፤ ቀጥሎ ቀይ መብራቱ ሲበራ የሚመጣው ሰው እርስዎ ላይሆኑ ይችላሉ።